ከደሴቲቱ ምን ይዞ ይመጣል?

መንገደኛ ወደ ቤቱ ባዶ እጁን አይገባም። ይህ ልማድ ሐበሻ በሄደበት አገር ሁሉ አብሮት ይሄዳል። ከገጠር የመጣ ዘመድ ቅቤና ማር፣ ከሐረር የመጣ ሐላዋ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የመጣ ደግሞ በርበሬ፣ ሽሮና ድርቆሽ ይዞ ካልደረሰ ጉዞው የተሟላ አይመስልም። ስጦታው ብዙውን ጊዜ የሚበላ መሆኑም ያለ ምክንያት አይደለም። የአንገት ልብስ ለአንድ ሰው ይሰጣል፤ የሚበላ ነገር ግን ማዕድ ላይ ይቀርባል፤ ያልሄዱትም ከሄደው ጋር አብረው ይቀምሱታል።

ለናይሮቢ ነዋሪ ደሴት ሩቅ አይደለም። ሞምባሳ ራሷ ደሴት ናት፤ ላሙም በሰሜን በኩል አለች። ይሁን እንጂ የቅመም ደሴት ተብላ ስሟ የገነነው ዛንዚባር ስትሆን፣ ከጆሞ ኬንያታ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ ሁለት ሰዓት በማይሞላ በረራ ይደረስባታል። በኢስትሊም ሆነ በኪሊማኒ የሚኖረው ሐበሻ ለሠርግ፣ ለሥራ ወይም ለዕረፍት ወደዚያ ጎራ ማለቱ እየተለመደ መጥቷል። ሲመለስ የሚገጥመው ጥያቄ ግን አንድ ነው፤ ምን ይዞ ይምጣ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የናይሮቢ ነዋሪ የሆነች ኢትዮጵያዊት በዚህ ጥያቄ ተይዛ በዳራጃኒ ገበያ ግማሽ ቀን አሳልፋለች። ወሩ ታኅሣሥ ነበር። ከደሴቲቱ ወደ ናይሮቢ፣ ከናይሮቢ ደግሞ በሳምንቱ ለገና በዓል ወደ አዲስ አበባ መሄድ ነበረባት። ስለዚህ የምትገዛው ሁሉ ለሦስት ወገን የሚከፋፈል ነበር፤ ለመሥሪያ ቤት ባልደረቦቿ፣ ለኬንያዊት ጎረቤቷና ለልጆቿ፣ ከሁሉም በላይ ግን አዲስ አበባ ላሉት እናቷ።

የዳራጃኒ የገበያ አዳራሽ እ.ኤ.አ. በ1904 የተሠራ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2000 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበችው ከአሮጌዋ የድንጋይ ከተማ ዳር ይገኛል። ለእንግዳ የተዘጋጀው የቅመም ጥቅል በየሱቁ ደጃፍ ተደርድሯል። በዘንባባ ቅጠል ቅርጫት ውስጥ ቅርንፉድ፣ ቀረፋ፣ ሄል፣ ገውዝ፣ ቁንዶ በርበሬና እርድ ከየዓይነቱ ትንሽ ትንሽ ይገባበታል። ለዓይን ያማረ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ፀሐይ ላይ የሰነበተና የተፈጨ በመሆኑ መዓዛው ከቤት ሳይደርስ ያልቃል። ቅመም የሚያውቅ ሰው የተፈጨውን ትቶ ሙሉውን ይገዛል።

ሌላው መጠንቀቅ የሚያሻው ነገር ሳፍሮን ተብሎ በርካሽ የሚሸጠው ቀይና ብጫ ጭረት ነው። እውነተኛው ሳፍሮን በደሴቲቱ አይበቅልም፤ በዓለም ላይ እጅግ ውድ ከሆኑት ቅመሞችም አንዱ ነው። በሳፍሮን ስም በርካሽ የሚሸጥ ነገር ብዙውን ጊዜ የሐበሻ እናቶች ፍሬውን ወቅጠው ለጾም ፍትፍት የሚያደርጉት የሱፍ ተክል አበባ ሆኖ ይገኛል። ቀለም ይሰጣል፤ የሳፍሮን መዓዛ ግን የለውም።

ለልጆች የሚሆነው ነገር ብዙ አያስቸግርም። ማቡዩ የሚባለው የባኦባብ ዛፍ ፍሬ በስኳርና በቀይ ቀለም ተለውሶ ይሸጣል፤ ልጆቹ ምላሳቸው እስኪቀላ ይመጡታል። ከኮኮናት ወይም ከኦቾሎኒ በስኳር የሚሠራው ካሻታም መንገድ ይችላል። ለባልደረቦች የሚስማማው ሐልዋ ነው። ከስኳር፣ ከስታርችና ከቅቤ በትልቅ ብረት ድስት ውስጥ ለረጅም ሰዓት እየተማሰለ የሚበስለው፣ በሄል የሚሸተው ይህ ጣፋጭ ከኦማን ሰዎች ጋር ወደ ጠረፉ የመጣ ነው፤ ያለ ማቀዝቀዣም ይሰነብታል። ነገር ግን ቅቤ ያለበት ስለሆነ ለሚጾም ሰው አይሆንም። ገበያተኛዋም ይህን አስባ፣ ለእናቷ የያዘችው ሐልዋ ጾመ ነቢያት እስኪፈታ ድረስ ታሽጎ እንደሚቆይ በልቧ ያዘች።

ትኩስ ፍራፍሬ የሚያስጎመጅ ቢሆንም ትታው አለፈች። ኬንያ ፍራፍሬና ችግኝ ለሚያስገባ ሰው ኬፊስ የተባለው የዕፅዋት ጤና ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በአንድ ማንጎ ውስጥ የተደበቀ ትል የአንድን አውራጃ እርሻ ሊበክል ይችላል። ዕቃ መያዣውም ቢሆን ሐሳብ ይጠይቃል። ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የፕላስቲክ ከረጢት ከልክላለች፤ ዛንዚባርም ከዚያ ቀደም ብላ አግዳለች። ወረቀትና የዘንባባ ቅርጫት ከሁለቱም ሕግ ጋር ይስማማሉ።

የእናቷ ነገር ግን ከሁሉም የከበደ ሆነ። በዕድሜ ለገፋች የአዲስ አበባ እናት፣ ጓዳዋ በቅመም ለተሞላ ሴት፣ ከቅመም ደሴት ምን ይወሰዳል? በርበሬዋን፣ ኮረሪማዋን፣ ኮሰረቷንና በሶብላዋን ከማንም ገበያ አትለውጥም። የቀረው ቅርንፉድ ነበር።

ቅርንፉድ ፍሬ ሳይሆን ያልፈነዳ የአበባ እምቡጥ ነው። ዛፉ ከ10 ሜትር በላይ የሚረዝም በመሆኑ ለቃሚዎቹ ወጥተው በእጃቸው ይቀጥፉታል፤ ከዚያም ምንጣፍ ላይ ተሰጥቶ ለቀናት ፀሐይ ይመታዋል። ዛሬ የዛንዚባር ቅርንፉድ በአብዛኛው የሚመጣው ከሁለተኛይቱ ደሴት ከፔምባ ነው። ከገበሬው ገዝቶ ወደ ውጭ የመላኩ ሥልጣን ለረጅም ዘመን በመንግሥት የንግድ ኮርፖሬሽን እጅ የቆየ በመሆኑ፣ በሌሊት በጀልባ ወደ ኬንያ ጠረፍ ለማሻገር የሞከሩ ሰዎች ጥቂት አልነበሩም። መንገደኛ ለቤቱ የሚሆን ጥቂት ገዝቶ ደረሰኙን ቢይዝ ከጣጣ ይድናል።

ሻጩ ሸምገል ያሉ ሰው ነበሩ። እንደ አገሩ ወግ «ሺካሞ» ብላ ሰላምታ ስትሰጣቸው «ማራሃባ፣ ዳዳ» ብለው ተቀበሏት፤ ዳዳ ማለት እኅት ማለት ነው። ቅርንፉዱን በስዋሂሊ «ካራፉ» ብላ ስትጠይቅ ስሙ ከአፏ ሳይወጣ የቤቷ ስም አብሮ መጣባት። ካራፉም ቅርንፉድም ከዐረብኛው ቀረንፉል የተወለዱ ናቸው። ቀረፋና ሄልም እንዲሁ በዐረብኛ በኩል የመጡ ስሞች ናቸው። የሕንድ ውቅያኖስ ነጋዴ በቀይ ባሕር ወደቦች በኩል ሸቀጡን ከነስሙ ወደ ሐበሻ ጓዳ አስገብቶታል። ሽማግሌው አንዲት ቅርንፉድ በጥፍራቸው ጫን ሲያደርጓት ዘይት አወጣች። ሌላዋን ውኃ ውስጥ ጣሏት፤ ራሷን ወደ ላይ አድርጋ ቀጥ ብላ ቆመች። ዘይቱ የወጣለት አሮጌ ቅርንፉድ ግን ውኃው ላይ ጋደም ብሎ ይንሳፈፋል። ሩብ ኪሎ ገዛች።

ሆኖም ቅርንፉዱን ይዛ ስትወጣ ልቧ ሙሉ በሙሉ ደስ አላለውም። በዚያው ዕለት ጧት ከገበያው ብዙ የማይርቀውን የአንግሊካን ካቴድራል አይታ ነበር። ካቴድራሉ የቆመው የባሪያ ገበያው በነበረበት ቦታ ላይ ነው፤ በግቢው ውስጥም ከጉድጓድ ውስጥ በሰንሰለት የታሰሩ ሰዎችን የሚያሳይ መታሰቢያ አለ። ያ ታሪክና የቅርንፉዱ ታሪክ አንድ ነው። የቅርንፉድ ዛፍ የትውልድ አገሩ የዛሬዪቱ ኢንዶኔዥያ ግዛት የሆኑት የማሉኩ ደሴቶች ሲሆኑ፣ ወደ ዛንዚባር የመጣው በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1840 ገደማ መንበሩን ከሙስካት ወደ ዛንዚባር ያዛወረው ሱልጣን ሰይድ ሰዒድ እርሻውን አስፋፋ፤ ተካዩም ለቃሚውም ከአፍሪካ ውስጥ ተይዞ የመጣ ባሪያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1872 የተነሣው ታላቅ ማዕበል በዋናዪቱ ደሴት ላይ የነበረውን አብዛኛውን ዛፍ ነቀለው። በዓመቱ ሱልጣን በርገሽ በእንግሊዝ ግፊት ውል ፈርሞ የባሪያውን ገበያ ዘጋ። ባርነት ራሱ ሕጋዊነቱን ያጣው ግን እ.ኤ.አ. በ1897 ነበር።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ሐበሻም አልጠፋም። የሰይድ ሰዒድ ልጅ የነበረችው ልዕልት ሳልማ እ.ኤ.አ. በ1886 በጀርመንኛ ባሳተመችው ማስታወሻ ውስጥ በአባቷ ቤተ መንግሥት ከነበሩት ቁባቶች መካከል ከሐበሻ ምድር የተወሰዱ ሴቶች እንደነበሩ ጽፋለች።

ለገና አዲስ አበባ ስትደርስ ሐልዋው እንደታሸገ ቁም ሣጥን ውስጥ ገባ። የቅርንፉዱን ወረቀት እናቷ ፈቱት።

«ይሄማ ቅርንፉድ ነው» አሉ። «መርካቶ የጠፋ መስሎሽ ነው፣ ልጄ?»

ልጅቱ ቅር ብሏት ዝም አለች። እናት ግን አንዷን በጥፍራቸው ጫን አድርገው ወደ አፍንጫቸው አስጠጓት። ጥቂት ቆይተውም «የኛው ሽታው ወጥቶለት ነው ለካ የሚደርሰን» አሉና ለመከለሻው የሚሆነውን ከሻዩ ለይተው በሁለት ብልቃጥ ከፈሉት። በዚያ ምሽት የቅመሙ ሻይ ተፈልቶ ሲጠጣ፣ ልጅቱ በደሴቲቱ ያየችውንና የሰማችውን፣ የእርሻውን ባሮችና የሐበሻዎቹን ሴቶች ነገር አጫወተቻቸው።

«ስማቸው ተጽፏል?» ሲሉ ጠየቁ።

«የአብዛኞቹ አልተጻፈም፣ እማዬ።»

እናት ስኒያቸውን አስቀመጡ። «አገራቸው ሲናፍቃቸው ምን ያሸቱ ኖሯል?» አሉ። ለዚህ መልስ የሚሰጥ ሰው አልነበረም። ልጅቱ ወደ ናይሮቢ በተመለሰችበት ዕለት ግን በሻንጣዋ ጥግ በገመድ የተሰካ ኮረሪማ ተጠቅልሎ አገኘች። ከሽሮውና ከበርበሬው ተለይቶ የተቀመጠ ነበር። ስትደውል እናቷ «ሁለተኛ ወደዚያ ስትሄጂ ይዘሽው ሂጂ፤ ከነሱ አገር ስንወስድ እንጂ ስንሰጥ አልታየንም» አሏት።

በሁለተኛው ዓመት ኮረሪማው ዳራጃኒ ደረሰ። ሽማግሌው ፍሬውን ከፍተው አሸተቱና «ኢሊኪ ኩብዋ» አሉ፤ ትልቅ ሄል ማለታቸው ነው። ሄልና ኮረሪማ የዝንጅብል ዘመዶች ቢሆኑም አንድ ተክል አይደሉም። በቡናና በቅቤ እንደሚገባ ስትነግራቸው ጥቂት ፍሬ አኘኩ፤ የቀረውን ለሚስታቸው እንደሚያሳዩ ተናግረው ከሸቀጡ ለይተው በኪሳቸው አኖሩት። የቅርንፉዱን ዋጋ ግን አልቀነሱም።

እውነቱን ለመናገር ቅርንፉድ በናይሮቢ አይታጣም። በንጋራና በፓርክላንድስ ያሉት የሕንዶች ሱቆች ሞልተውታል፤ የኢስትሊ ነጋዴም ይሸጠዋል። መንገደኛው ከደሴቲቱ የሚያመጣው ነገር ዋጋው በመጥፋቱ አይደለም። ዋጋው የሚበላውን ሰው አስቦ በመመረጡ ነው፤ የሚጾመውን ከማይጾመው፣ ጥርስ የሌለውን ከልጁ፣ ጓዳው የሞላውን ከባዶው ለይቶ ማወቅ የመራጩ ፈንታ ነው። የጎረቤቲቱ ልጆች ማቡዩውን በአንድ ቀን ጨርሰው ረስተውታል፤ ለእነሱ የተገባው ስጦታም ያ ነበር።

ለትልልቆች ግን ቅመሙን ከነታሪኩ መስጠት ይገባል። ብዙ ሰው መዓዛውን ወስዶ ታሪኩን እዚያው ይተወዋል፤ የተቀባዩን ደስታ ላለማደፍረስ እንደሆነ ያስባል። ሆኖም ማዕድ ላይ የሚቀርብ ነገር በማን እጅ እንደተተከለና እንደተለቀመ መናገር ማዕዱን አያረክስም። የፔምባ ገበሬ ዛሬም ያን ረጅም ዛፍ በባዶ እጁ ወጥቶ ይለቅማል፤ ከቅርንጫፍ የሚወድቅም አለ። ከደሴቲቱ የሚመለስ ወገን ሩብ ኪሎውን ሲያስረክብ ስለዚህ ሰው ሁለት ቃል ቢጨምር፣ ሲሄድ ደግሞ ከራሱ ጓዳ ጥቂት ኮረሪማ ቢይዝ ሻንጣው አይከብድበትም።