ሶሉን የት አደረጉት?

እናቴ አዲሱን ጫማዬን አገላብጣ አየችውና «ይሄን ሁሉ ብር ከፍለህ ሶሉን የት አደረጉት?» አለችኝ። ሶል አለው፤ ቀጭን ነው። ታኮ የለውም። ፊቱ ሰፊ ስለሆነ አምስቱም ጣቶች እንደ ልባቸው ይዘረጋሉ። ፈረንጆቹ ቤርፉት ይሉታል፤ እግር መሬቱን እንዲያውቀው ታስቦ የተሠራ ነው አሉ። እናቴ መሬቱን በደንብ ታውቀዋለች። ጫማ ለበዓል ብቻ በሚደረግበት፣ እሱም ቤተ ክርስቲያን በር ላይ በሚወልቅበት ዘመን ያደገች ሴት፣ ልጇ ወደዚያው ለመመለስ ገንዘብ ሲያወጣ ብታይ ምን ትበል?

አዳማ ደግሞ ለእንዲህ ያለ ጫማ አትራራም። ፖስታ ቤት አካባቢ ያሉት ሊስትሮዎች ገና ከሩቅ እግር ያነባሉ፤ የእኔን ሲያዩ ብሩሻቸውን ያስቀምጣሉ። የቀትር አስፋልት ሙቀቱን ሳያጎድል ያደርሳል። ቅዳሜ ወደ ሶደሬ አቅጣጫ ወጣ ብዬ በእግሬ ስጓዝ ደግሞ የግራር እሾህ አለ። «መሬቱ ይሰማዎት» ብሎ ማስታወቂያውን የጻፈው ሰው ግራር አያውቅም።

ቢሆንም ወድጄዋለሁ፤ ስለወደድኩትም ዘሩን መቁጠር ጀመርኩ። ወሬው የጋመው በፈረንጆቹ 2010 ነው። የሃርቫርዱ ዳንኤል ሊበርማንና ባልደረቦቹ በኔቸር መጽሔት ላይ ጥናት አወጡ፤ በባዶ እግራቸው ሲሮጡ ያደጉ የኬንያ ስምጥ ሸለቆ ሯጮች ብዙ ጊዜ መሬት የሚነኩት በእግራቸው የፊት ክፍል ነው፣ ወፍራም ሶል የለመደው ግን በተረከዙ ይወርዳል የሚል። ስምጥ ሸለቆ! የኛው ሸለቆ ነው እኮ፣ ወደ ደቡብ ሲዘልቅ። ኩራቴ ግን ብዙ አልቆየም። በ2013 ሌሎች ተመራማሪዎች እዚያው ሸለቆ ውስጥ፣ ሰሜን ኬንያ ላይ፣ 38 ዳሰነቾችን በባዶ እግር አስሮጡ። ዳሰነቾች በኦሞ በኩል የኛም ሰዎች ናቸው። በሚመቻቸው ፍጥነት ሲሮጡ 72 በመቶዎቹ ያረፉት በተረከዛቸው ሆኖ ተገኘ። በዓመቱ ባለ ጣቱን ጫማ የሚሸጠው ቪብራም፣ ጫማው ጉዳት ይቀንሳል ብሎ ያለ በቂ ማስረጃ አስተዋውቋል ተብሎ አሜሪካ ውስጥ የቀረበበትን ክስ በ3.75 ሚሊዮን ዶላር ለመጨረስ ተስማማ።

የባዶ እግር ሰባኪዎች ሁልጊዜ የሚጠሩት አበበ ቢቂላን ነው። እውነታቸውን ነው፤ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም፣ እዚህ የአዲስ ዓመት ዋዜማ ሲከበር፣ በሮም ኦሊምፒክ ማራቶን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የዓለምን ምርጥ ሰዓት ጨበጠ። ቶኪዮን ግን አያነሱም። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው፣ ጫማና ነጭ ካልሲ አድርጎ በ2፡12፡11 ገባ። ሦስት ደቂቃ ፈጠነ ማለት ነው። መንገዱም ወቅቱም ሌላ ስለነበር ያፈጠነው ጫማው ነው ብዬ አልምልም፤ ግን ጀግናው ጫማ ሲመቸው አደረገ።

ደግሞ ባዶ እግር እዚህ አገር ሁልጊዜ ምርጫ አይደለም። በደጋው ቀይ አፈር ላይ ያለ ጫማ ለዓመታት ያረሰ ገበሬ በትንኝ ሳይሆን በአፈሩ ብቻ ዝሆኔ ሊይዘው ይችላል። በዚህ በሽታ እግራቸው ያበጠ ኢትዮጵያውያን ከአንድ ሚሊዮን በላይ እንደሆኑ ይገመታል። መከላከያው ጫማና በሳሙና መታጠብ ነው፤ ጫማውም ስለ አረጋገጥ ስልት የሚመራመር ሳይሆን የሚሸፍን ጫማ ነው።

ታዲያ የጫማዬ ትክክለኛ አያት ማነው? እኔ ከአሮጌ የመኪና ጎማ የሚሠራው በረባሶ ነው እላለሁ። ታኮ የለው፣ ጣት አያፍን፣ ለእሾህም አይበገር። የሜክሲኮ ታራሁማራዎችም ተራራ የሚሮጡት በጎማ ሰንደል ነው። ቤተልሔም ጥላሁን በፈረንጆቹ 2004 አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ላይ ሶልሬብልስ የተባለውን የጫማ ድርጅት ስትመሠርት ይህንኑ የጎማ ሶል ይዛ ነው የዓለም ገበያ የገባችው። የጂቡቲ መስመር ከባድ መኪና ሌት ተቀን የሚያልፍባት አዳማ ደግሞ አሮጌ ጎማ አጥታ አታውቅም።

ባለፈው ገበያ ዳር ቁጭ ብለው በረባሶ ለሚሠሩ አዛውንት ጫማዬን አወለቅሁላቸው። ሶሉን በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት፣ አጥፈው አዩት፣ ዋጋውን ጠየቁኝ። ስነግራቸው ቢላዋቸውን አስቀመጡ።

«ልጄ፣ የሠራው ሰው ሐሳቡስ በረባሶ ነበር» አሉኝ፤ «ጎማ አጥቶ ነው።»