ስለማናውቃቸው ሰዎች ብዙ እናውቃለን

የዛሬው ወጌ አንዳንዶቻችሁን ሊያስቆጣ ይችላል። እስኪ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ ቁጣው የትም አይሄድባችሁም።

ወሬዬ ስለ አጫጭር ፊልሞች ነው። ናይሮቢ ውስጥ ‹‹ዘ ኔስት›› የሚባል የአርቲስቶች ስብስብ የተመሳሳይ ፆታ ፍቅር ያላቸው ኬንያውያንን እያነጋገረ ታሪካቸውን ሰበሰበ። ከታሪኮቹ 5 አጫጭር ፊልሞች ተሠሩና ባንድ ላይ ‹‹ስቶሪስ ኦቭ አወር ላይቭስ›› ተባሉ። ዳይሬክተሩ ጂም ቹቹ ነው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2014 ቶሮንቶ ላይ ታየ፤ በዓመቱ በርሊን ላይ ተሸለመ። ኬንያ ውስጥ ግን የፊልም ቦርዱ ከለከለው። ታሪኩ የኬንያውያን፣ ተመልካቹ የቶሮንቶና የበርሊን ሰው!

እኛ ጋስ? እኛ ጋ እንኳን የፊልም ምሽት፣ ወሬውም በሹክሹክታ ነው። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 ድርጊቱን በቀላል እስራት ይቀጣል። በፊልም ፈንታ ያየነው ቁጣ ነው። በኅዳር 2004 ዓ.ም. የአፍሪካ የኤድስ ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ሲካሄድ፣ በጎን የታሰበ አንድ ስብሰባ የሃይማኖት አባቶችን አስቆጣ። በ2006 ዓ.ም. የተቃውሞ ሰልፍ ተጠርቶ ተሰረዘ። በ2011 ዓ.ም. ‹‹ቶቶ ቱርስ›› የተባለ የቺካጎ አስጎብኚ ድርጅት ላሊበላን ጨምሮ አገራችንን ሊያስጎበኝ ነው ተብሎ አገር ተናወጠ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ ሆቴሎች ተፈተሹ፤ ሕዝቡም ጥቆማ እንዲሰጥ ተጠየቀ።

እኔ የዱርቤቴ ልጅ ነኝ። ለማታውቋት፣ ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላ ስትሄዱ መራዊን አልፋችሁ የምታገኟት ከተማ ናት። ፊልም ምን እንደሚችል ያየሁት እዚያው፣ አግዳሚ በተደረደረበት ቪዲዮ ቤት ነው። ቋንቋውን ለማናውቀው፣ ሃይማኖቱን ለማንጋራው ሕንዳዊ አፍቃሪ ስንቱ ጎረምሳ እንባውን በጋቢው ጠረገ መሰላችሁ!

አንድ ልጅ ነበር። ሕንድኛውን ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ፊልሙን እያየ ይተረጉምልናል። ግማሹን ከራሱ እንደሚጨምር ብናውቅም ማንም ቅር አይለውም። አነጋገሩ ለስለስ፣ አረማመዱም ቀስ ያለ ስለነበር ሰፈሩ ‹‹ሴታ ሴት›› ይለው ነበር። አንድ ማታ ከቪዲዮ ቤት ሲወጣ ጠብቀው ደበደቡት። በሳምንቱ አውቶቡስ ተሳፍሮ ሄደ። የተጠረጠረበትን ይሁን አይሁን እኔ አላውቅም፤ የመቱትም አያውቁም። የማውቀው፣ ሕንዳዊው ሲደበደብ አብረውን ያለቀሱት ልጆች መሆናቸውን ነው።

ጋዜጠኝነት ስማር መጀመሪያ የተነገረኝ ነገር ‹‹ሁለቱንም ወገን ስሙ›› የሚል ነበር። ለነገሩ ይህን ለመማር ዩኒቨርሲቲ መግባትም አያስፈልግም፤ ‹‹በላ ልበልሃ›› እያለ ሲሟገት የኖረ ሕዝብ ልጆች ነን። ግን ከላይ ስለቆጠርኳቸው ጉዳዮች ያነበብኳቸውን የአማርኛ ዜናዎች ሳስብ፣ ባለሥልጣን ይናገራል፣ ሰባኪ ይናገራል፣ መንገደኛ ይናገራል። የሚወራበት ሰው ብቻ የለም። እንደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የሶሲዮሎጂ ምሁር ጌትነት ታደለ ያሉ ተመራማሪዎች ሰዎቹን አነጋግረው ጽፈዋል። እኛ ጋዜጠኞች ጋ ሲደርስ ግን ዝም ነው።

‹‹ማን ደፍሮ ይናገራል?›› ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። ስሙን የሰጠ ሰው ሥራውን፣ ቤተሰቡን፣ ምናልባትም ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። የናይሮቢዎቹ ዘዴ የማረከኝም ለዚህ ነው። ታሪኩ የእውነተኛ ሰው፣ ፊቱ የተዋናይ! ምስክሩ ሳይጋለጥ ምስክርነቱ ይሰማል። ጥቂት ደቂቃ በምትፈጅ ፊልም ውስጥ ስለ አንቀጽም ስለ ምዕራባውያንም ስብከት አይኖርም፤ አንድ ሰው ቤቱ ውስጥ ስልክ ሲጠብቅ፣ እናቱን ሲፈራ፣ ብቻውን ሲበላ ሊታይ ይችላል።

ሃይማኖታችሁን ተዉ አላልኳችሁም፤ እኔም ጎጃም ውስጥ ጾምና ቅዳሴ እያየሁ ያደግሁ ነኝ። አንድን ነገር ኃጢአት ነው ብሎ ማመንና አንድን ልጅ ጨለማ ውስጥ ጠብቆ መምታት ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት የሚያሳየን ነገር ከተገኘ፣ ፊልምም ቢሆን ይምጣ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። እኛ ለእነዚህ ሰዎች ያወጣንላቸው ስም ብዙ ነው፤ ከስድብ የሚለየው ጥቂቱ ነው። እነሱ እርስ በርስ የሚጠራሩበትን ታውቃላችሁ? ‹‹ዜጋ›› ይባባላሉ። ለራሳቸው ከመረጡት ስም ውስጥ አገር አለበት።

ቸር ይግጠመን!