የተገዛ ፈቃድ ዕድሜ

የሙዚቃ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር የሚገዛ ባለሙያ በእርግጥ የሚገዛው ፕሮግራሙን ሳይሆን ፈቃዱን፣ ማለትም አምራቹ ባስቀመጠው ውል መሠረት የመጠቀም መብትን ነው። ይህ መብት ያለአግባብ እንዳይባዛ የሃምቡርጉ ስታይንበርግ ኩባንያ ኩቤዝ ለተባለው የሙዚቃ ማቀናበሪያ ሶፍትዌሩ ለብዙ ዓመታት በዶንግል ይጠቀም ነበር፤ ዶንግል ፈቃዱን የያዘ፣ ፍላሽ የሚመስል ትንሽ መሣሪያ ሲሆን፣ ኮምፒውተሩ ላይ ካልተሰካ ኩቤዝ አይከፈትም ነበር። በመሆኑም ገንዘቡን የከፈለው ሰው ዶንግሉ የጠፋበት ወይም የተሰበረበት ዕለት ሥራው ሲቆም፣ ጥበቃው በሕገወጥ መንገድ በተሰበረ፣ በተለምዶ ክራክ በሚባል ቅጂ የሚሠራው ግን እንዲህ ያለ ሥጋት አልነበረበትም፤ ይህም ሐቀኛውን የሚቀጣ አሠራር ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2022 ኩቤዝ 12 ሲወጣ ዶንግሉ ቀርቶ አክቲቬሽን ተተካ፤ ይኸውም ሶፍትዌሩ በኢንተርኔት ከአምራቹ ሰርቨር ጋር ተገናኝቶ የገዢውን መብት ካረጋገጠ በኋላ በዚያ ኮምፒውተር ላይ እንዲሠራ የሚፈቀድበት መንገድ ሲሆን፣ አንድ ፈቃድ እስከ ሦስት ኮምፒውተሮች ያገለግላል። ለውጡ በእውነት የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ ኢላይሰንሰር የተባለው የቀድሞው የፈቃድ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 ሲዘጋ፣ የድሮዎቹን ፈቃዶች ወደ ሌላ ዶንግል ማዛወር ስለቀረ፣ የእነዚያ ቅጂዎች ዕድሜ በያዛቸው ዶንግል ዕድሜ ተወስኖ ቀርቷል። የአክቲቬሽን ሰርቨርም አንድ ቀን ሊዘጋ የሚችል ነው። ስለዚህ ማንኛውም አምራች ሰርቨሩን ከመዝጋቱ በፊት፣ ያለ ኢንተርኔት ማረጋገጫ የሚሠራ የመጨረሻ ቅጂ ለገዢዎቹ የመስጠት ግዴታ ሊኖርበት ይገባል።