ከጋፋት እስከ በሽሎ በረሃ በሞተር ብስክሌት

ጋፋት ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ወጣ ብላ የምትገኝ ትንሽ ኮረብታማ መንደር ናት። ስሟ በታሪክ የታወቀው ስለ እህሏ ወይም ስለ ገበያዋ አይደለም፤ ዐፄ ቴዎድሮስ የመድፍ ማቅለጫቸውን ስላቆሙባት ነው። በኢየሩሳሌም የነበረው የፕሮቴስታንቱ ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት የላካቸው፥ ከስዊስ አገር ከባዝል አጠገብ የተማሩ፥ የእጅ ጥበብ የሚያውቁ ሚሲዮናውያን በዚህ ስፍራ ተቀምጠው ነበር። እነርሱ የመጡት ስብከትና ጥበብ ይዘው ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ግን መድፍ ሥሩልኝ አሏቸው። እንቢ ማለት የማያዋጣ መሆኑን በተረዱ ጊዜ፥ ዋልድማየርና ባልንጀሮቹ እየሞከሩ ሲከሽፍባቸው፥ ዳግመኛም ሲሞክሩ ቆይተው፥ በመጨረሻ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን አቅልጠው ሠሩ። የአዲስ አበባ ልጆች በቴዎድሮስ አደባባይ የሚያዩት አምሳያውን ነው። እውነተኛው መቅደላ ነው ያለው።

መቼም ሴባስቶፖል ስለ መሠራቱ ብዙ ተብሏል። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ግን መሠራቱ ሳይሆን መሄዱ ነው። በዚያ ዘመን ከጋፋት እስከ መቅደላ ያለው አገር የሚያውቀው የሰውን እግርና የበቅሎን ኮቴ እንጂ መንኰራኩርን አልነበረም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. በመስከረም መጨረሻ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፥ መድፎቻቸውን በሠረገላ አስጭነው ተነሡ፤ መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። ስድስት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን የቀረው ጉዞ ነበር። ይህን በክፍል ውስጥ በተረክሁ ቁጥር ከተማሪዎቼ አንዱ ይነሣና፥ «መምህር፥ ገደሉን እንዴት አድርገው አሻገሩት?» ይለኛል። «በብዙ ሰው ጉልበት» እያልሁ አልፈው ነበር፤ ነገር ግን መልሱ እንኳን ለተማሪው ለእኔም አያጠግብም።

በ2011 ዓ.ም. ከጥምቀት በኋላ፥ አገር ጎብኚዎችን በሞተር ብስክሌት እየመራ ከጥርጊያ መንገድ ውጭ የሚወስድ አንድ የደብረ ታቦር ወጣት፥ ከአዲስ አበባ ከመጡ ሁለት ጐልማሶች ጋር የሴባስቶፖልን አቅጣጫ ተከትሎ እስከ በሽሎ እንደሚወርድ ሰማሁ። እኔ መንዳት አልችልም፤ ከመሪው ኋላ ተፈናጥጬ እንድሄድ ተስማማን። ባለቤቴ በሶና ጭኮ ሰንቃ፥ «በዚህ ዕድሜህ!» ብላ ሸኘችኝ።

ሞተር ብስክሌት በበረሃ መንዳት በሌላው ዓለም ትልቅ መዝናኛ ሆኗል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1977 ቴሪ ሳቢን የሚባል ፈረንሳዊ በሞተር ብስክሌት ሲወዳደር በሊቢያ በረሃ መንገድ ጠፍቶት ለጥቂት ከሞት ተረፈ፤ ከዚያ መከራ ተነሥቶ ከፓሪስ እስከ ዳካር የሚደረገውን ውድድር መሠረተ፤ የመጀመሪያውም ውድድር በ1978 በታኅሣሥ ወር ጀመረ። በእኛ ቋንቋ ግን በረሃ ማለት የአሸዋ ሜዳ ብቻ አይደለም። ከደጋ ወርደን የምናገኘውን ሞቃት ሸለቆ ሁሉ አባቶቻችን በረሃ ይሉታል፤ መናንያንም ዓለምን ትተው የሚገቡበት ስፍራ በዚሁ ስም ይጠራል። የዓባይ በረሃ፥ የተከዜ በረሃ፥ የበሽሎ በረሃ እንላለን። በዚህ ዓይነቱ በረሃ ሰው መንገድ የሚስተው ምልክት በማጣት አይደለም። ከደጋው አፋፍ ላይ ሆኖ ሁሉን አሻግሮ እያየ፥ መውረጃውን ባለማወቅ ነው።

መሪያችን ከመነሣታችን በፊት ጋፋት ላይ አቁሞ ሕጉን ነገረን። እርሱ ፊት ይሄዳል፤ ሌሎቹ አቧራው እስኪበርድ ርቀው ይከተላሉ፤ መንታ መንገድ ሲያጋጥም ግን ፊተኛው ኋለኛውን በዐይኑ ሳያይ አይንቀሳቀስም። ይህን ሕግ በሦስት ቀን ውስጥ አንድ ጊዜም ሲያፈርሰው አላየሁም። የትምህርት ቤት ጉዞ የሚመሩ መምህራን ሁሉ ቢይዙት እወዳለሁ።

እስከ ጋሸና ያለው ጉዞ ብዙ የሚነገርለት አይደለም፤ በደርግ ዘመን ቻይናውያን የሠሩት ትልቅ መንገድ ስላለ በጉና ሥር፥ በነፋስ መውጫና በጨጨሆ በኩል ያልፋል። የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ በእርሱ ሥር ስናልፍ ሞተሩ እንደ ደከመ በቅሎ ቃተተ። መሪያችን እንደ ገለጠልኝ፥ ከፍታው ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ ቤንዚኑ የሚነድበት እስትንፋስ ያጥረዋል። ጋሸና እኛ ካለፍንባት በኋላ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ብርቱ ጦርነት የተደረገባት ናት፤ እኛ ባየናት ጊዜ ግን ብርዷ እንጂ ሌላ የምትፈራበት ነገር አልነበራትም። ከዚያ ወደ ቀኝ ታጥፈን ኮን አደርን።

በማግሥቱ ጅዳ ደረስን። ጅዳ ዋድላን ከደላንታ የሚለይ፥ ወደ አንድ ሺህ ሜትር የሚጠጋ ጥልቀት ያለው ገደል ነው። ጥርጊያ መንገድ አለው፤ መሪያችን ግን፥ «መምህር፥ የመጣነው ለዚህ አይደለም» ብሎ በበቅሎ መንገድ አወረደን። በእንዲህ ያለ ቁልቁለት ነጂው ከመቀመጫው ብድግ ብሎ በእግሩ መርገጫ ላይ ይቆማል፤ ሞተሩን በአንደኛ ማርሽ ይዞ በራሱ ጉልበት እያስጎተተው ይወርዳል፤ የፊቱን ፍሬን በድንገት የያዘ ሰው ወዲያው በአፍጢሙ ይደፋል። የተፈናጠጠ ሰው ደግሞ ወርዶ በእግሩ መሄድ ነው። ስለዚህ ከሴባስቶፖል መንገድ ብዙውን እኔ በእግሬ አወቅሁት።

ወደ ግማሹ ስንደርስ ናዳ የዘጋው ስፍራ አገኘን። ሞተሩ አንድ ኩንታል ከጥቂት ይመዝናል። አራት ሰዎች ሆነን ተሸክመን ደረት የምታህለውን ድንጋይ ለማሻገር ግማሽ ሰዓት ፈጀብን፤ ሦስቱን ሞተሮች ስንጨርስ ጀምበር አቆልቁላ ነበር። እኔም በዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሰባውን ኩንታል ማሰብ ጀመርሁ። ሰባ እጥፍ ሰው ቢመጣ እንኳ የሚቆምበት ስፍራ የለም። እንግዲያስ ምስጢሩ የሸካሚው ብዛት ሊሆን አይችልም። መንኰራኩር ገደልን አይሻገርም፤ ገደሉ ራሱ ተቆርጦ፥ ዝንባሌው ተለዝቦ፥ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ መንኰራኩሩን ሊቀበል ይገባል። ዐፄ ቴዎድሮስም ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ መድፉን ከመጎተት ይልቅ መንገዱን መቅደድ ነበር ስድስቱን ወር የበላው። በዐይናቸው ያዩ ፈረንጆች እንደ ጻፉት፥ ንጉሠ ነገሥቱ ከማለዳ ጀምሮ በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ፥ አፈር ይቆፍሩ ነበር። በዚያን ጊዜ አገሩ ሁሉ ሸፍቶባቸው፥ ሠራዊታቸውም ተመናምኖ ነበር።

ከደላንታ ደጋ ወደ በሽሎ የተቆፈረው የመጨረሻው ክፍል ደግሞ የወደቀው በዐቢይ ጾም ላይ ነው። በዚያ ዓመት ሁዳዴ የካቲት 10 ቀን ገብቶ ፋሲካ ሚያዝያ 5 ቀን ዋለ። በጾም ወራት ገደል መቆፈር ምን እንደሆነ፥ ጾሞ እርሻ የዋለ አንባቢ ያውቀዋል።

በሽሎ ስንወርድ ሙቀቱ ከታች እንደ ምጣድ ተቀበለን። በጥር ውኃው ትንሽ ነው፤ ዳርና ዳሩ ግን አሸዋ ነው። መሪያችን ወርዶ የጎማዎቹን አየር እኩሌታ አስተነፈሰ። ሞኝነት መሰለኝ፤ ኋላ ግን ገባኝ፤ የተነፋ ጎማ አሸዋውን እንደ ቢላዋ ይቀደውና ይሰምጣል፥ የላላ ጎማ ግን እንደ ግመል ኮቴ ተንሰራፍቶ ከላይ ይሄዳል። ከወንዙ ማዶ ያለው አቀበት ለሞተር የሚሆን ስላልነበረ ሞተሮቹን ከአንድ ሽማግሌ ገበሬ ደጅ አቁመን በእግራችን ልንወጣ ሆነ። መሪያችን ጎማዎቹን በሰንሰለት ሲያስር ሽማግሌው ተመለከቱና፥ «ልጆቼ፥ ሣር የማይበላ ፈረስ ወዴት ይሄዳል ብላችሁ ነው የምታስሩት?» አሉ። መሪያችንም፥ «አባቴ፥ እርሱስ አይሄድም፤ የሚወስደው እንዳይመጣ ነው» ቢላቸው ሳቁ፤ ጠላም አቀረቡልን።

እሮጌ ሜዳ ላይ ቆመን ነበር ያረፍነው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. የስቅለት ዕለት ፊታውራሪ ገብርዬና ወደ 700 የሚሆኑ ኢትዮጵያውያን የወደቁት በዚህ ነው። ከሦስት ቀን በኋላ፥ በፋሲካ ማግሥት ሰኞ፥ ንጉሠ ነገሥቱ እጄን አልሰጥም ብለው በመቅደላ ራሳቸውን ገደሉ። ሴባስቶፖልም ያን ሁሉ ገደል ተሻግሮ መጥቶ አላዳናቸውም፤ ከዚያ ወዲህ ከመቅደላ አልወረደም። እኛ በደረስንበት ጊዜ የእረኞች ልጆች በላዩ ተቀምጠው ነበር። አንዱን ጐልማሳ ፎቶግራፍ አንሣን አሉት፥ አነሣቸው።

ወደ መቅደላ የሄደው ግን መድፍ ብቻ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት አስዘርፈው አቃጥለዋል፤ በመቅደላ ሊያሠሩት ላሰቡት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያንም ብዙ የብራና መጻሕፍት ሰብስበው ነበር። ጀግንነታቸውን የሚያነሣ ሁሉ ይህን አብሮ ሊያነሣ ይገባዋል፤ እኔም ለተማሪዎቼ ሁለቱን አንድ ላይ አስተምራለሁ። የተሰበሰበው ሁሉ በእንግሊዞች እጅ ወደቀ። በ15 ዝሆኖችና በ200 ያህል በቅሎዎች ተጭኖ በሽሎን ተሻግሮ ወደ ደላንታ ወጣ፤ በዚያም ሜዳ ላይ ሁለት ቀን በጨረታ ተሸጠ። ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከው ሪቻርድ ሆምስ ብዙውን ገዛ። ወደ 350 የሚሆኑት መጻሕፍት ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ፤ ነገሥታት ወደ ጦር ሜዳ ይዘውት ይወጡ የነበረውን የኵርዓተ ርእሱን ሥዕል ሆምስ ለራሱ አስቀረው፥ እስከ አሁንም አልተመለሰም። አንድ ታቦት ከኤዲንብራ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ተገኝቶ በ1994 ዓ.ም. ወደ አገሩ ገብቷል፤ 11 ጽላት ግን በብሪቲሽ ሙዚየም ማንም እንዳያያቸው ተዘግቶባቸው ይኖራሉ።

በመመለሻችን ደላንታ ሜዳ ላይ ጎማዎቹን ለመንፋት ቆምን። ይህን ታሪክ ስተርክ መሪያችን የጎማ መንፊያውን ይዞ ዝም ብሎ ሰማኝና፥ «መምህር፥ ይህን ሁሉ ጭነት በየት አወጡት?» አለኝ። እንግሊዞች ከቀይ ባሕር ሲመጡም ወደዚያው ሲመለሱም በሽሎንና ጅዳን ያለፉት ዐፄ ቴዎድሮስ በቈፈሩት መንገድ ነው፤ ጸሐፊዎቻቸውም የሥራውን ማማር አድንቀው ጽፈዋል። ይህን ነገርሁት። እርሱም የቀረውን ጎማ ነፍቶ ጨረሰና፥ «ሳይመሽ ጅዳን እንለፍ፤ ይፈናጠጡ» አለኝ። በዚያ ቀን በጥርጊያው መንገድ አለፍን።