የቡሽ ሰደርያ

በደጋ አገር ተወልዶ ያደገ ሰው ባሕርን የሚያውቃት በመጽሐፍ ነው። እኔም ከሠላሳ ዓመት በላይ በሰሌዳ ላይ በሰማያዊ ጠመኔ ባሕርን እየሣልሁ ልጆችን አስተምሬአለሁ፤ ማዕበሏን ግን ቀርቤ ያየሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፥ በእንግሊዝ አገር የምትኖረው የእኅቴ ልጅ ጠርታኝ በሄድሁ ጊዜ ነው። እርሷም በዮርክሻየር፥ በሰሜን ባሕር ዳር፥ ዊትቢ ወደምትባል የዓሣ አጥማጆች ከተማ ወሰደችኝ።

ዊትቢ ኤስክ የሚባለው ወንዝ ወደ ባሕር በሚገባበት ስፍራ፥ በሁለት ገደሎች መካከል ተቀምጣለች። በምሥራቁ ገደል ራስ ላይ የፈረሰ ገዳም ይታያል፤ ወደዚያ የሚያወጣው ደረጃ 199 ነው፤ ዓይኔም ጕልበቴም ቈጥረውታል። በ664 ዓ.ም. (ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ሂልዳ የምትባል እመ ምኔት ገዳሙን በምታስተዳድርበት ጊዜ፥ የትንሣኤ በዓል በየትኛው ቀን ይዋል በማለት የተከራከሩ አባቶች በዚያ ጉባኤ አድርገዋል። ባሕረ ሐሳብን ለሚያውቅ የአገራችን ሰው ይህ ክርክር እንግዳ አይሆንበትም። ገደሉን ባሕሩ ከሥሩ ስለሚበላው በየጊዜው ይናዳል። በዐለቱም ውስጥ ድንጋይ የሆኑ፥ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለሉ የጥንት የባሕር ፍጥረቶች ይገኛሉ፤ የአገሩ ሰዎች ቀድሞ ሂልዳ ወደ ድንጋይ የለወጠቻቸው እባቦች ናቸው ይሉ ነበር።

ጄምስ ኩክ የተባለው ዝነኛ መርከበኛ በ1746 ዓ.ም. ገና ወጣት ሳለ ወደዚህች ከተማ መጥቶ ከአንድ የመርከብ ባለቤት ዘንድ ሙያውን ተምሯል። ዓለምን የዞረባት ኤንደቨር የተባለች መርከብም በዚሁ የተሠራች፥ አስቀድሞ የድንጋይ ከሰል ትጭን የነበረች ናት። ለእርሱ ሐውልት አቁመውለታል። ደግሞ ስለ ደም መጣጭ በተጻፈ ልብ ወለድ ምክንያት ጥቁር ለብሰው የሚመጡ ወጣቶች አሉ፤ ስለ እነርሱ የምለው የለኝም።

እኔን ብዙ ሰዓት ያቆመኝ የሕይወት አድን ጀልባዎች ቤተ መዘክር ነው። የእኅቴ ልጅ «ጋሼ፥ ዓሣው ይቀዘቅዛል» እያለች ብትጎተጉተኝም ቶሎ አልወጣሁም። ነገሩም እንዲህ ነው። በየካቲት 9 ቀን 1861 ዓ.ም. ብርቱ ዐውሎ ነፋስ ተነሥቶ መርከቦች በከተማይቱ ፊት ይሰባበሩ ጀመር። የከተማው ዓሣ አጥማጆች በአንዲት ጀልባ እየቀዘፉ በዚያው ቀን አምስት ጊዜ ወጥተው የሰመጡትን አወጡ። ለስድስተኛ ጊዜ ሲወጡ ጀልባዋ ተገለበጠች። ከዐሥራ ሦስቱ ዐሥራ ሁለቱ ሞቱ፤ ሄንሪ ፍሪማን የተባለው ብቻ ተረፈ፤ እርሱም አዲስ የተፈለሰፈውን የቡሽ ሰደርያ የለበሰ ብቸኛ ሰው ነበረ። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ዐሥራ ሦስቱም በድፍረትና በርኅራኄ እኩል ነበሩ። የለያያቸው ቡሽ ነው።

እኛ መምህራን ስለ ርኅራኄ ስናስተምር ልብን ብቻ እንናገራለን፤ ስለ ገመድ፥ ስለ መቅዘፊያ፥ ስለ ሰደርያ አንናገርም። በ1914 ዓ.ም. ሮሂላ የተባለች የሆስፒታል መርከብ ከከተማይቱ አጠገብ ከዐለት ጋር ተጋጭታ ስትሰበር ሕዝቡ ከባዷን ጀልባ በግንብ ላይ አሻግሮ በጕልበቱ ወደ ባሕር አወረዳት። በሦስት ቀን ድካም ከ140 የሚበልጡ ነፍሶች ዳኑ፤ ከ80 የሚበልጡት ጠፉ። በመጨረሻ የቀሩትን ያወጣች ከሌላ ወደብ የመጣች ባለ ሞተር ጀልባ ናት።

ይህን ሥራ የሚመራው ማኅበር በ1824 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን፥ በጀልባ ከሚወጡት አብዛኞቹ ደመወዝ የማይቀበሉ ናቸው፤ ገንዘቡም በብዛት የሚገኘው ሕዝብ በፈቃዱ ከሚሰጠው ነው። በ2021 ዓ.ም. ከፈረንሳይ በትንንሽ ጀልባ የሚሻገሩ ስደተኞችን ለምን ታወጣላችሁ ብለው የነቀፏቸው ነበሩ። እነርሱ ግን ነፍስ ማዳን ሥራችን ነው ብለው ቀጠሉ። ቤተ መዘክሩን የሚጠብቁትን አንድ አረጋዊ የሚሰምጠው ማን እንደ ሆነ ትጠይቃላችሁ ወይ ብላቸው፥ «በጨለማ ራስ ብቻ ነው የሚታየው» አሉኝ።

ይህን ሲሉኝ አንድ ተማሪዬ ትዝ አለኝ። በሒሳብ ብርቱ የነበረ ልጅ ነው። ከኦቦክ ወደ የመን ሲሻገር ቀረ። በሰፈራችን ድንኳን ተተከለ፥ ንፍሮ ተቀቀለ፥ እድርተኛው ሦስት ቀን ተቀመጠ፤ ቃሬዛው ግን ከዕቃ ቤት አልወጣም፥ የሚሸከመው ሬሳ አልነበረምና። በዚያ ባሕር የቀረ እርሱ ብቻ አይደለም። በ2024 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ብቻ ከየመን ይመለሱ የነበሩ ስደተኞችን የያዙ ሁለት ጀልባዎች በጂቡቲ ጠረፍ ሰጥመው ብዙዎች አልቀዋል፤ የሚበዙትም የእኛ ልጆች ነበሩ።

እድራችን ሲያዩት የሚያስደንቅ ሥርዐት አለው። መዋጮው አይቋረጥም፤ የቀረ ይቀጣል፤ ድንኳኑ፥ ብረት ድስቱ፥ ወንበሩ ተቈጥሮ ይቀመጣል። የዊትቢ ሰዎች ጀልባቸውን የሚጠብቁት በዚሁ ዓይነት ትጋት ነው፤ ልዩነቱ የእነርሱ ሰው ሳይሞት መድረሱ ነው። ስለዚህ ከተመለስሁ በኋላ፥ ከየወሩ መዋጮ ጥቂት እየተቀነሰ መንገድ ያሰቡ ልጆች ሙያ የሚማሩበት ገንዘብ ይቀመጥ ብዬ ለእድሩ አሳብ አቀረብሁ። የእድሩ ዳኛ አዳምጠውኝ፥ «መምህር፥ ለቀብር የተዋጣ ገንዘብ ለሕያው እንዲሰጥ ደንባችን አይፈቅድም» አሉ። ጸሓፊው ደንቡ ይሻሻል ሲል ደገፈኝ፤ ሌሎች አጕረመረሙ፤ የተማሪዬ እናት አንገቷን ደፍታ ዝም አለች። ነገሩ ለሚቀጥለው ወር ስብሰባ ተቀጥሯል።