የማቲ ክንድ

አባቴ የካውቦይ ፊልም ይወዳል፤ ጆን ዌይንን ለኦስካር ያበቃውን የ1969ኙን «ትሩ ግሪት» ደግሞ ከሁሉም ያስበልጣል። እኔ ግን የኮኤን ወንድማማቾች በ2010 እንደገና የሠሩትን እመርጣለሁ።

ታሪኩ አንድ ነው። የ14 ዓመቷ ማቲ ሮስ የአባቷን ገዳይ ለመያዝ አንድ ዓይኑ የጠፋ የሕግ አስከባሪ ቀጥራ ትነሣለች። በድሮው ማቲን የተጫወተችው ኪም ዳርቢ ሃያ ዓመት አልፏት ነበር። ሄይሊ ስታይንፌልድ ግን ስትቀረጽ ገና 13 ዓመቷ ስለነበር፣ ከፈረስ ነጋዴው ጋር ስትከራከር የክፍላችን ልጅ ትመስለኛለች።

በሁለቱም ፊልሞች መጨረሻ ላይ ማቲን እባብ ይነድፋታል። በድሮው ክንዷ በፋሻ ታስሮ ትድናለች። በአዲሱ፣ ቻርልስ ፖርቲስ በ1968 ባሳተመው ልብ ወለድ እንዳለው ሁሉ፣ ክንዷ ይቆረጣል፤ ከዓመታት በኋላም ሳታገባ፣ በአንድ ክንድ ስትኖር እናያታለን።

አባቴ «በልጅ ላይ ይህ ሁሉ መከራ ለምን?» ይላል። እኔ ደግሞ ስለ ደም መመለስ በኩራት ሲወራ እየሰማሁ ነው ያደግሁት፤ ደም የመለሰው ሰው ከዚያ በኋላ እንዴት እንደኖረ ግን የነገረኝ የለም። አዲሱ ፊልም ነገረኝ።