ውሃ ያልጠጣው ሶሌታ

ባለፈው በጋ ደቡብ ጎንደር ውስጥ ለልምምድ በወጣንበት የኮሌጅ ግቢ የመማሪያ ሕንፃ ሶሌታ ተሞላ። ኮንክሪት የሚጠነክረው ስለደረቀ ሳይሆን ሲሚንቶው ከውሃ ጋር ሲዋሐድ ነው። ስለዚህ ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ ይጠጣል፤ ጥንካሬው በ28ኛው ቀን ይለካል። የደጋው ደረቅ ነፋስ ደግሞ እርጥበቱን ቶሎ ይወስደዋል።

በ3ኛው ቀን ቦቴው ቀረ። እኛ ግን መዝገቡ ላይ «ጠጥቷል» ብለን ፈረምን። መግሪብ ሲደርስ ለውዱእ ውሃ አላጣንም። መድረሳ ስንቀራ አማና ማለት የሰው ገንዘብ ብቻ ይመስለን ነበር። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም።

ጠዋት ለመሐንዲሱ እውነቱን ነገርናቸው። ተቆጡን፤ መዝገቡ ታረመ፣ ውሃም በጋሪ መጣ። ከዚያ ሶሌታ ሥር የሚማሩት ፊርማችንን አያዩትም፤ አላህ ግን ያየዋል። ዘንድሮ ለልምምድ የምትወጡ እህት ወንድሞች፣ ያላያችሁትን አትፈርሙ።